ለሽምግልና የታሸ ጃኬት

ዛሬ ጠዋት ልጄ ከልባሽ ጨርቅ ሻጮች የገዛውን አሮጌ የቆዳ ጃኬት በሰም ቅባት ሲያሽ፣ የሰሙ ሽታ አወደኝና ሳቄ መጣ።

ልጅ ሳለሁ፣ ዘመሮ ከተማ ስንኖር፣ አባቴ ለታናሽ ወንድሙ ሚስት ሊጠይቅ ሽማግሌ ሆኖ የሚሄድበት ቀን ደረሰ። የልጅቷ አባት ቁጡ ናቸው፤ ብዙ ሽማግሌ አሳፍረው መልሰዋል ይባላል። የአባቴ ደህና ልብስ ደግሞ አንድ የቆዳ ጃኬት ነበር፤ እሱም ደርቆ ክርኑ ላይ ተሰነጣጥቋል። እናቴ «ይጣል!» አለች።

በወጣትነታቸው የበግ ቆዳ ደበሎ ሲያለፉ የኖሩት አያቴ ግን ጃኬቱን ከእጇ ወሰዱት።

«ቆዳ ይጠማዋል እንጂ አይሞትም» አሉ።

እኔ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁ። እሳቸው ሰምና ቅቤ አቅልጠው በመዳፋቸው ያሹት ጀመር፤ እኔም አንዱን እጅጌ ያዝሁ። ቅባቱ እየሰረገ ሲገባ ጥቁሩ ቀለም ተመልሶ ያበራል።

«አትቸኩዪ ልጄ፤ ሲጠግብ ራሱ ይነግርሻል።»

ጃኬቱን ለብሶ የሄደው አባቴ ማምሻውን እየሳቀ ተመለሰ። የልጅቷ ቤት ተናካሽ ውሻ ዘሎ ደርሶበት፣ ቅቤው ቢሸተው እጅጌውን ይልስ ጀመር። ቁጡው ሰውዬም ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ውሻዬ የሳመውን ሰው እኔ ምን ብዬ ልመልሰው?» አሉና ልጃቸውን ፈቀዱ።

ዛሬ ይህንኑ ለማስታወስ ለአጎቴ ሚስት ደወልሁላት።

«ውሻው ባይኖርም አባባ እሺ ይሉ ነበር፤ አጎትሽን እንደምፈልገው ቀድሜ ነግሬያቸው የለ!» አለችኝ።

እውነቷን ይሁን ቀልዷን ልጠይቃት ብል፣ ሳቋ አላስደምጥ አለኝ።