ባለቤቴ አሰልጣኝ የሆነ ዕለት

ዛሬ ቡሬ ላይ ልጄ ከመረብ ኳስ ግጥሚያው መሐል «ከእንግዲህስ አልጫወትም!» ብላ እያለቀሰች ወጣች።

ያስለቀሳት አሰልጣኙ ነው። አሰልጣኙ ደግሞ አባቷ፣ የኔው ባለቤት!

«ዝለይ! ተመለሽ! እጅሽን አንሺ!» በአንድ ትንፋሽ። የቱን ትስማ?

ጠጋ ብዬ «የኔ ጌታ፣ ወይፈን ስትገራም እንዲህ ትጮሃለህ?» አልሁት።

እሱ ወይፈን ሲገራ ከለመደ በሬ ጋር ጠምዶ፣ ቀስ ብሎ እያናገረ ነው።

ሄዶ አባበላትና ከአንዲት ነባር ተጫዋች ጎን አቆማት። «እሷን ብቻ እያየሽ ተጫወች፣ እናቴ» አላት።

መሸነፉንስ ተሸነፍን። ልጄ ግን ስንወጣ «አባዬ፣ ልምምድ መቼ ነው?» አለችው።

እሱ በጆሮዬ፣ «የወይፈኑን ነገር እንዳትነግሪያት።»

ለእሷ አልነገርሁም፤ ለእናንተ ነው እንጂ!

እናንተንስ በጩኸት ያሰለጠናችሁ ማን ነው? እስኪ አውሩኝ።