ዘጠነኛው ጀሪካን

ተሾመች ባዶ ጀሪካን በጉልበቶቿ መካከል አጣብቃ፣ በግራ እጇ ወፍራም ሚስማር፣ በቀኟ መዶሻ ይዛ ታቹን ትበሳለች። አንዱን ስትጨርስ ሌላውን ትስባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገበያው ሳይሞላ፣ ሥራዋ ይህ ነው። ሳትበሳ አንድም ከደጃፏ አይወጣም።

ተሾመች ልጄ ናት። ሚዛን ተፈሪ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ የአረምና የተባይ መድኃኒት ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሦስት ልጆች ያሳደገችው በዚያች ሱቅ ነው።

የዛሬ አራት ዓመት አዲስ የኬሚካል ደንብ መጣ። ሁለት ገጽ ወረቀት ሰጧት። በወሩ ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ያልተዘጋጀ ሱቅ ይታሸጋል ተባለ። ተሾመች የመጀመሪያውን ገጽ አንብባ ተነሣች። ወለሉን ሲሚንቶ አስደረገች። ከመድኃኒቱ ጎን የነበረውን የበቆሎ ዘር ወደ ሌላ ክፍል አዛወረች። በሃይላንድ እየቀዱ መሸጥ ቀረ። ጓንት ገዛች። ገጹ መጨረሻ ላይ «ባዶ ዕቃ በመጋዘን አይከማች» ይላል። ጥግ ላይ ዘጠኝ ባዶ ጀሪካኖች ነበሩ።

የእኛ አገር ሰው የመድኃኒት ጀሪካን ይወዳል፤ ወፍራም ነው፣ አያፈስም። ለደንበኛ በምርቃት መስጠት የቆየ ነው። ውስጡን በጠጠርና በአመድ እንንጠዋለን፤ ሽታው ከጠፋ ንጹሕ ነው እንላለን። እኔ ራሴ ስንቱን አጥቤያለሁ። ያን ቅዳሜ ዘጠኙንም ለገበያተኛ ሰጠች።

ሁለተኛውን ገጽ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስድሳ ዓመቴ ስለሆነ ጣቴን ሳላስከትል አላነብም። ሰኞ ጀምሬ ማክሰኞ ማታ ደረስኩበት፦ «ባዶ ዕቃ ቢታጠብም ለምግብና ለመጠጥ አይውልም። ተበስቶ ለአቅራቢው ይመለስ።»

«ተሾመች፣ ነይ እስቲ ይህን እዪልኝ። ተሳስቼ እንደሆነ።»

አየችው። «አልተሳሳትሽም፣ እማዬ» አለችና ነጠላዋን አነሣች።

ምትክ እየገዛች ቤት ለቤት ዞረች። አንዱን የወሰደው የአቶ ከፈለኝ ሚስት በሯ ላይ ቆማ፣ «የሰጠሽውን ልትነጥቂ? እንግዲያ ምስጋናዬንም መልሺልኝ!» አለቻት።

«ስደቢኝ እቴ፣ ብቻ ስጪኝ።»

ረቡዕ ረፋድ ላይ ስምንቱ ተገኙ። ዘጠነኛውን የወሰደው ባየ ነበር፤ በቴፒ መንገድ ካለ መንደር ማር የሚያመጣልን ሰው። ስልክ የለውም። በዚያው ቀን በሚኒባስ ሄደን፣ ከመንገዱ ወርደን፣ በቡናው መሀል በጭቃ ተጓዝን።

ግቢው ሰው ሞልቶታል። ባየ ከመሀል ተነሥቶ መጣና እጃችንን ያዘ። «ከሚዛን ድረስ! ማን ነገራችሁ? እግዚአብሔር ይስጣችሁ።»

ሆሳዕና፣ የአምስት ዓመት ልጁ፣ ማክሰኞ ከሰዓት ሞታለች። አስመለሳት፣ አንቀጠቀጣት። ወባ ነው ብለው ተሸክመዋት ሲሮጡ መንገድ ላይ አለፈች።

እናቷ ውድነሽ መሬት ተቀምጣለች። ከጎኗ አንዲት ዘመድ ለልቅሶተኛው ቦርዴ፣ የእህል መጠጥ፣ ልትቀዳ ያን ዘጠነኛውን ጀሪካን አዘነበለች። ተሾመች ሮጣ እጇን ያዘች።

«አትቅጂ! ከዚህ ማን ጠጣ?»

«ቦርዴው ገና ትናንት ነው የደረሰው» አለች ውድነሽ። «ልጄ ናት የቀመሰችው። ከዚያ ወዲያ ማን የመጠጥ ነገር አሰበ?»

ተሾመች ጭቃው ላይ ተንበረከከች። «ልጅሽን የገደላት ይሄ ነው። የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ባየ ጀሪካኑን አንሥቶ አሸተተው።

«አጥቤዋለሁ እኮ» አለ። «በጠጠር፣ በአመድ። ሦስት ጊዜ። ምንም አይሸትም፤ አሽትቱት።»

ለእያንዳንዳችን አቀረበልን። ለእኔም።

ተሾመች ለፖሊስ ራሷ ቃሏን ሰጠች። ሽማግሌም ተቀመጠ። ባየ ማር ማምጣት ተወ። ተቆጣጣሪው በቀጠሮው መጥቶ ወለሉን፣ ጓንቱን አየና «ጎበዝ፣ በደንብ ተዘጋጅተሻል» አላት።

እኔ ያቺን ማክሰኞ እቆጥራለሁ። ሆሳዕና ስትጠጣ ጣቴ የትኛው መስመር ላይ እንደነበር እጠይቃለሁ።

አንተም፣ አንቺም፣ ይህን የምታነቡ፣ ዓይናችሁ ከእኔ ይፈጥናል። እባካችሁ፣ ዛሬውኑ ቤታችሁ ጥግ ያለውን ጀሪካን ወደ ብርሃን አውጡት፤ የተጻፈበትን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ከዚያ ፊደል ወዳልቆጠረ ጎረቤታችሁ ሂዱና የእሱንም አንብቡለት።