ያልተዳሰሰው ጀልባ

የወደቡ ሰዎች «እመት ሚሊሜትር» ይሏታል፤ እሷም አትቀየምም። ሥራዋ ከአንድ ሰፊ ሐይቅ ዛጎል እየለቀመች መለካት ነው። ዛጎሉ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፤ ከሌላ ውሃ በጀልባ ሆድ ተለጥፎ የመጣ፣ ሁለት ክዳን ያለው ትንሽ ፍጥረት ነው። ሲያዩት አንጀት ይበላል። ሲራባ ግን የውሃ ቧንቧውን ድርግም አድርጎ ይዘጋል፣ የዓሣውንም ምግብ ይጨርሳል።

ይህ ጉድ ያልደረሰበት አንድ የሐይቁ ጥግ ብቻ ነበር። የከተማው የመጠጥ ውሃ የሚሳበው ከዚያ ስለሆነ፣ ከሌላ ሐይቅም ሆነ ከሌላው ጥግ የመጣ ጀልባ እሷ ሳትዳስሰው አይገባም። የዛጎሉ ጫጩት ለዓይን አይታይም፤ መዳፍ ላይ ግን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ስለዚህ እጅጌዋን ሰብስባ ትንበረከካለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ የጀልባውን ሆድ ከጫፍ ጫፍ ትዳብሳለች። ጀልበኞቹም ባሏ ይህን ያህል ተዳብሶ ያውቅ እንደሆነ እየጠየቁ ይስቁባታል።

በዘመኗ ያልዳሰሰችው ጀልባ አንድ ብቻ ነው፤ የታላቅ ወንድሟ። አባታቸው ሲሞት ትምህርቱን ጥሎ ያስተማራት እሱ ነው። ጀልባውን ከሌላ ሐይቅ ገዝቶ ሲያመጣ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ በፈላ ውሃ እንዳጠበው ነገራት። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ማለላት። በሰው ፊት ተንበርክኮ የወንድምን ቃል መፈተሽ ነውር መሰላትና በእጇ ምልክት አሳልፋ ሰደደችው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የመሥሪያ ቤቷ ጠላቂ ዋናተኞች ከዚያ ንጹሕ ጥግ ዛጎል ይዘው ወጡ። ከየጀልባ ማሰሪያው ምሰሶ የተፋቀው በየጣሳው ሆኖ ጠረጴዛዋ ላይ ተደረደረላት። ዛጎል በዕድሜው ያድጋል፤ ትልልቁ ያለበት ቦታ መጀመሪያ የገባበት ነው። የሌሎቹ ምሰሶዎች ዛጎል ምስር የምታህል ነበረች። ከአንዱ ጣሳ የወጣው ግን የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል። ጣሳው ላይ «ሰማያዊው ምሰሶ» ተብሎ ተጽፏል። ያን የጀልባውን ማሰሪያ ምሰሶ ሰማያዊ የቀባው ወንድሟ ነው፤ ቀለሙን የያዘችለት ደግሞ እሷ።

ክው ብላ ቀረች። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ የባልደረባዋን ተውሳ ለካች። ያው ነው። ባልደረባዋ ምን ሆንሽ ሲላት ሽታው ራሴን አዞረኝ አለችው፤ ዕድሜዋን በዚያ ሽታ ውስጥ የኖረች ሴት!

ወንድሟን ያገኘችው የጀልባውን መቀመጫ ሲሰፋ ነው። ዛጎሉን ፊቱ አስቀመጠችለት። አልካደም። ሠርገኞች ሊያሻግር ቃል ገብቶ ስለነበር ቸኩሎ፣ ላይ ላዩን ብቻ በጎማ ቱቦ ውሃ አጥቦት ነበር።

«ብዳስሰውስ ኖሮ ጋሼ?» አለችው።

መርፌውን ሳያቆም፣ እንደ ምስጋና በለሰለሰ ድምፅ፣ «አንቺማ እንደማትዳስሺው አውቅ ነበር» አላት።

ቅስሟ የተሰበረው ያኔ ነው። ውሸቱንስ ችኮላ ነው ብላ በዋጠችው። እሱ ግን የእሷን እምነት አስቀድሞ አስልቶ፣ በዚያው በኩል ሾልኮ ገብቷል። ያሳደጋት ሰው ሞኝነቷን ቆጥሮ እንደያዘባት ተሰማትና ዛጎሉን ከፊቱ አንስታ ወጣች።

በማግስቱ የሆነውን ሁሉ፣ የራሷን ጥፋት ጭምር፣ ለአለቃዋ ተናገረች። ጥጉ አንዴ ተበክሏል፤ አሁን የሚዳሰሰው ወደ ሌላ ሐይቅ የሚወጣው ጀልባ ሆኗል። አንድ ጠዋት ወንድሟ ጀልባውን በተጎታች ጭኖ ሰልፉ ውስጥ መጣና «አጥቤዋለሁ» አላት። ጀልበኞቹ ቀልዳቸውን ትተው አዩዋቸው። እሷም እጅጌዋን ሰብስባ ፊቱ ተንበረከከች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

እጇ የደረሰበት ሁሉ ልስልስ ያለ ነበር፤ አንዲት ሻካራ ነገር የለችበትም።

«አጥቤዋለሁ እኮ አልኩሽ» አላት ወንድሟ፣ ፊቱ ቀልቶ።

«ሰምቻለሁ ጋሼ» አለችው። እጇን ግን እስከ ጫፉ ድረስ ሳትጨርስ አላነሳችም።