ሰፈሩ ሁሉ ቃል የተገባለት የስፌት መኪና

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ በአፉ ለጋስ ነው። ደስ ያሰኘው ሰው ካገኘ የስፌት መኪናውን መታ መታ ያደርግና «እኔ ስሞት ይቺ ያንተ ናት» ይላል። ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ በነፃ ላጨው፤ ተሰጠችው። የእህቱ ልጅ የሚያፈስ ጣራ ጠገነለት፤ ተሰጠችው። አከራዩ እንኳ አልቀረም። ከወዳጅ ዘመዱ ያልተሰጠቻት ሚስቱ ብቻ ናት፤ ዕድሜዋን ሙሉ አብራው ስትሰፋ ኖራ።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ሳንባውን አሞት ተኛ። ጠያቂ ጎረፈ። ፀጉር አስተካካዩ ለበሽተኛው ብርቱካን፣ ለመኪናዋ ዘይት ይዞ መጣ። የእህቱ ልጅ ደግሞ «አይዞህ አጎቴ» እያለ መኪናዋን በስንዝር ሲለካ ሚስትየው አየችው።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«በእኛ በር ትገባ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ሰው ሁሉ ሲወጣ ባሏ ራስጌ ተቀመጠች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይቺን መኪና ለስንት ሰው ነው የሰጠሃት?»

«አልሰጠሁም፤ ተናገርኩ እንጂ።»

«አንተ ስትሞት እኔ በምን ልኑር? በጥርሴ ልስፋ?»

ይሄንን ለካ አንድም ቀን አስቦት አያውቅም። በማግስቱ ጠበቃ አስጠራ። ጠበቃዋ መኪናዋ ለሚስቱ እንድትሆን ኑዛዜውን ጻፈችና «በሉ ምስክር አስጠሩ። መኪናዋን እወርሳለሁ የሚል ሰው ግን አይሁን፤ ኋላ ጭቅጭቅ ያመጣል» አለች።

ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። የጎረቤት ስም በተነሣ ቁጥር ሰውየው ጣራ ጣራውን ያያል።

«እሱም?» ትላለች ሚስቱ።

«እሱም።»

«ዳቦ ጋጋሪዋስ?»

«በሠርጓ ዕለት… ደስ ብሎኝ ነበር።»

ምንም ቃል ያልተገባላቸው፣ የተጣላቸው ሰዎች ብቻ ሆነው ተገኙ። አንዱ እኔ ነኝ፤ በምን እንደተኳረፍን ሁለታችንም ረስተነዋል። ሌላው ሥጋ ሻጩ ነው፤ እሱ ግን አልረሳም፣ ሱሪ አጥብቦበት ነው። እኛና መሰሎቻችን አልጋውን ከበን ቆምን።

ሥጋ ሻጩ ወረቀቱን በጥሞና አነበበ።

«ለሚስትህ ናት?»

«አዎ።»

«ደግ አደረግክ» ብሎ ፈረመ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «እንግዲህ እትዬ፣ ባለመኪናዋ አንቺ ከሆንሽ ያንን ሱሪ ላምጣው?»

«ኧረ ገና አልሞትኩም» አለ በሽተኛው ከብርድ ልብሱ ሥር።

«አንተ ተኛ» አለችው ሚስቱ። ለሥጋ ሻጩም «ነገ በጠዋት ይዘኸው ና።»