ባዶዋ ሦስተኛ መስመር

ስዊድን፣ ሮግስቬድ በሚባል ሰፈር የሚገኘውን የድሮ ሕንፃችንን የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል በር ስከፍት፣ ያ የሞቀ የሳሙና ሽታ እንደ ልጅነቴ ተቀበለኝ። ደውለው የጠሩኝ ቻይናዊቷ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሊን ናቸው፤ ልጃቸው ጋ ሊገቡ ዕቃ ሲሸክፉ ያገኙትን ሰማያዊ ደብተር በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «የጋሼ ነው» አሉኝ። ጋሼ የሚሉት አባቴን ነው፤ ካረፈ ሁለት ዓመቱ።

አዲስ አበባ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው አባቴ እዚህ አውቶቡስ ነጂ ሆኖ ቢቀርም፣ ማስተማሩ ግን ከደሙ አልወጣም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽኑ ልብሳችንን እያገላበጠ ሳለ፣ በማጣጠፊያው ጠረጴዛ ላይ ደብተሩን ዘርግቶ፣ መሥሪያ ቤታቸው በእንግሊዝኛ የሚያስጨንቃቸውን ወይዘሮ ሊንን ያስጠና ነበር። አንድ ሙሉ ክረምት «ራን» የምትባል የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ተቸክለው ከረሙ፤ ሰው ሲሮጥ፣ አፍንጫ ሲፈስ፣ ማሽን ሲሠራ፣ ወተት ሲያልቅ፣ ሁሉም በእሷው፤ ወይዘሮ ሊን በቻይንኛ ለእያንዳንዱ የራሱ ቃል እንዳለው እየነገሩት በእንግሊዞች ንፉግነት ይስቁ ነበር። አባቴ ለእያንዳንዱ ትርጉም ሦስት መስመር ያሰምራል፤ አንዱ ለእሱ ምሳሌ፣ አንዱ ለእሳቸው፣ ሦስተኛው ለእኔ።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ አንዷን ምሳሌ አንቺ ስጪን» ይለኛል። እኔ የአሥራ ሦስት ዓመቷ አኩራፊ፣ ማዳመጫዬን ከጆሮዬ ሳላወጣ፣ «ኦርካር ኢንተ» እለዋለሁ በስዊድንኛ፣ አቅሙ የለኝም ለማለት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ምን ያህል አቅም ትጠይቅ ኖሯል! እሱ ተቆጥቶኝ አያውቅም፤ መስመሬን ባዶ ትቶ ገጹን ይገልጣል።

ደብተሩን አሁን የምኖርበት ቬሊንግቢ፣ ቤቴ ገብቼ አነበብኩት። የአባቴ ምሳሌዎች በሙሉ ስለ እኔ ናቸው። ልጄ ባቡር እንዳያመልጣት ትሮጣለች። የልጄ አፍንጫ በጉንፋን ይፈሳል። ልጄ ባለችበት ቤት ወተት ቶሎ ያልቃል። በዚህችኛዋ ሳቅኩ፤ ሳቄን ሳልጨርስ ግን ልቤ ተሰበረ፤ ከሥሯ የወይዘሮ ሊን ምሳሌ በቀይ ታርሞ አለ፣ ከዚያ ስሜ ተጽፎ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ባዶ። እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ መስመሬን ሳያሰምርልኝ ያለፈበት አንድም ቀን የለም።

ዛሬ ምሳሌው ሞልቶኛል። እስክሪብቶ አነሳሁና አንዷን መስመር ቀስ ብዬ፣ ፊደሉን አሳምሬ ጻፍኩባት። ስጨርስ፣ «አባዬ፣ ልክ ነው?» ልል ቀና አልኩ።