ማቪስ የነቀሉት እንጨት

ዮርክሻየር ውስጥ ነው፤ የትኛው ሐይቅ እንደሆነ ግን አልናገርም። እኔ እዚያ የምሄደው እግሬን ለማፍታታት ነው። ያን ቀን ዝናብ ባያባርረኝ ኖሮ ወፍ ተመልካቾቹ ወደሚደበቁባት የእንጨት ጎጆ አልገባም ነበር። ውስጥ አንዲት አሮጊት ክንድ የሚያህል ሌንስ ያለው ካሜራ ታቅፈው ከፔርሙዝ ሻይ ይቀዳሉ።

«በሩን ቀስ አድርገህ፣ ሆዴ» አሉኝ። «ወፎቹ ካንተ በፊት ነው ቦታ የያዙት።»

ማቪስ አውትዌይት ይባላሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ። ጨዋታ ይወዳሉ፤ እኔም አልጠላም።

በየዓመቱ ግንቦት ላይ ሐይቁ ዳር ያለው የፓርኩ ካፌ አንድ ፎቶ መርጦ ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። የማቪስ ተሰቅሎ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ቆርጠው ተነሱ። ፎቶ አንሺዎቹ እንደሚያደርጉት ውሃው ዳር እንጨት ተከሉ፤ ሰማያዊው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ይረፍበት ብለው። አረፈበትም፤ ዓሣ በአፉ ይዞ።

«እንደዚያ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ኋላ አስፍቼ ሳየው የዓሣው ጭንቅላት ወደ ውጭ ነው።»

«ታዲያ ምን አለበት?»

«ለራሱ ቢሆን ጭንቅላቱን ወደ ጉሮሮው አዙሮ ይውጠው ነበር። ወደ ውጭ ከያዘው ለልጅ ነው። ልጆቹ እዚያው ውሃው ዳር ባለው የአፈር ገደል፣ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ እኔ ደግሞ በራቸው ላይ ተገትሬያለሁ።»

ወዲያው እንጨቱን ነቅለው ሄዱ። ፎቶውንም ለካፌው አልሰጡም፤ ከወፉ ጀርባ ገደሉ ይታያል፣ ያየ ሁሉ በማግስቱ ካሜራውን ይዞ እዚያ ይሰለፋል። ስለዚህ ግድግዳው ላይ የወጣችው ጓደኛቸው ዴዝሞንድ ያነሳት ዳክዬ ናት። «ማቪስ፣ ያ ሌንስሽ አበባ ይተከልበት» እያለ ሲያበሽቃቸው ከረመ። እሳቸው ፎቶውን ለሱም አላሳዩት።

ዝናቡ ሲያባራ ከፊታችን ቅርንጫፍ ላይ ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለ፤ ሌላም ተከተለው። ማቪስ ካሜራቸውን አላነሱም።

«የዘንድሮዎቹ ልጆች ናቸው። እግራቸው ገና ጥቁር ነው፣ አየህ?»

አንዱ ውሃው ውስጥ ተወርውሮ ባዶ አፉን ወጣ።

«ይለምደዋል» አሉ፤ ፊታቸው እንደ ሙሽራ እናት በርቷል።

«እንግዲህ በረሩ አይደል? አሁን ፎቶውን ለካፌው ይስጡታ።»

«በዓመቱ እዚያው ገደል ነው የሚመለሱት።» ፔርሙዛቸውን ከደኑ፤ ልንለያይ ተነሣን። «ካፌው ጎራ ካልክ ዴዝሞንድ እዚያ ተቀምጧል። ከጠየቀህ፣ ማቪስ ዘንድሮም ምንም አላገኘችም በለው። ስትነግረው ግን እንዳትስቅ።»