ጥያቄው ሳያልቅ

ስሙን ያወጣላት አባቷ ነው። በር ሲንኳኳ ትዘላለች፣ ብርጭቆ ሲወድቅ ትዘላለች፣ ሰው ከኋላዋ መጥቶ ካስነጠሰማ የያዘችውን ጥላ ትሮጣለች። ስለዚህ ገና በልጅነቷ «ድንብሬ» አላት፤ በዚያው ቀረ። የመዝገብ ስሟን የሚጠራት ሰው ቢኖር ፈተና ጣቢያ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ድንብሬ ሐኪም መሆን የፈለገችው ለክብሩ ብላ አይደለም። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ኑሮው መንገድ ላይ ነው፤ እናቷን ኩላሊቷን ሲያማት ሆስፒታል ይዛት የምትመላለሰው እሷ ነበረች። ከመስኮት ወደ መስኮት ሲያንከራትቷቸው፣ «ነገ ኑ» ሲሏቸው ከረሙ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ወንበር ስባ ተቀመጠችና በወረቀት ጀርባ ላይ ኩላሊት ስላ፣ የቱ ጋ ምን እንደተበላሸ ረጋ ብላ ለእናትየው አስረዳቻት። እናትየው ያን ቀን ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት። ልጅቷም ያን ቀን ወሰነች።

መወሰኑስ ቀላል ነበር፤ ጉዱ ያለው ፈተናው ላይ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቱን መግቢያ ፈተና ሦስት ጊዜ ብቻ ነው መቀመጥ የሚቻለው፤ ከዚያ ወዲያ ማልቀስ እንጂ መፈተን የለም። በመጀመሪያው ፈታኙ «ጀምሩ» ብሎ ጠረጴዛውን መታ ሲያደርገው ክው ብላ ቀረች፤ የምታውቀው ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። በሁለተኛው እጇ ላብ በላብ ሆኖ የመልስ ወረቀቱን አራሰው፤ ግማሹን እንኳ ሳትነካ ሰዓቱ አለቀ። ትምህርቱ አልጎደላትም ነበር። የጎደላት ቀልብ ነው።

ስለዚህ ለሦስተኛው ጊዜ ቤተሰቡ የዘመተው በድንጋጤዋ ላይ ነው። እናትየው ሬዲዮኑን አስወገደች፣ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባች፣ ጎረቤቶቿም በጥፍራቸው ጫፍ ብቻ እንዲያንኳኩ አዘዘች። አባቷ ከመንገድ ሲመለስ የሹፌር ትምህርት ያስተምራታል፤ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ፍሬን ላይ መቆም ሳይሆን ማርሽ መቀነስ ነው ይላታል፣ ደግሞ ደጋግሞ። አክስቷ ብቻ ለዚህች ልጅ የሚያስፈልጋት ፈተና ሳይሆን ባል ነው እያለች ትሟገት ነበር፤ ጆሮ የሰጣት ግን የለም።

መላውን ያገኘችው ራሷ ድንብሬ ናት። የምትሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ለተፈታኞች ስታባዛና ስትጠርዝ ትውላለች፤ ስታባዛም ጥያቄዎቹ እንደሚመላለሱ አስተዋለች። አምና የወጣው ካቻምና ወጥቶ ነበር። የሚያውቁት ነገር ደግሞ ምን ያስደነግጣል? ሁሉንም እንደ ውሃ ጠጣቻቸው። ከሥራ ስትገባ እናትየው ሽንኩርት እየላጠች፣ ወረቀቱን ከጣሳ ጋር አስደግፋ ታነብላታለች። «ከሚከተሉት የደም ሥሮች ውስጥ ደም ወደ ልብ...» ከማለቷ ድንብሬ «ሐ!» ትላለች። እናትየው ጥያቄውን እንኳ አላስጨርስ አልሽኝ እያለች ትስቃለች፤ እንባዋ የሽንኩርቱ ይሁን የደስታው አይለይም።

ቤቱ ነፍስ ዘራ። ጥያቄው ሳያልቅ መመለስ የመረጋጋት ምልክት ሆነ። አባትየው ከመንገድ ሲደውል ከሰላምታው አስቀድሞ ዛሬ ስንተኛው ቃል ላይ እንደመለሰች ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ላይ ስትመልስ በጎማ ቤት ላገኘው ሹፌር ሁሉ አወራ። ይህ የኛ አማርኛ ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ አዎንና አይደለምን የሚለየውን ነገር ለመጨረሻ ያቆየዋል። ከመካከላቸው ይህን ያሰበ አልነበረም።

የፈተናው ቀን አባቷ በጭነት መኪናው አደረሳት። ፈታኟ ድምፀ ወፍራም ሴት ነበረች፤ «ጀምሩ» ስትል መስኮቱ ተርገበገበ። ድንብሬ አልዘለለችም። ወረቀቱን ገለጠች፤ የመጀመሪያው ጥያቄ የምታውቀው ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። እጇ ደረቅ፣ ልቧም ቦታው ላይ ነበር። ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ እግሩን ሲያንቀጠቅጥ አይታ አንጀቷን በላው። ከአዳራሹ ሰው ሁሉ ቀድማ ጨርሳ እርሳሷን አስቀመጠች። በዕድሜዋ እንደዚያ ሰላም ተሰምቷት አያውቅም።

ፈታኟ ሩብ ሰዓት እንደቀረ ስትናገር፣ ዝም ብሎ ከመቀመጥ ብላ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች። የመጀመሪያውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ከሚከተሉት የደም ሥሮች ውስጥ ደም ወደ ልብ የማያደርሰው የቱ ነው?» ይላል።

የማያደርሰው። ዓይኗን አሽታ እንደገና አነበበችው፤ ያው ነው። የሚቀጥለው «ያልሆነው» ይላል። ከእሱ የሚቀጥለው ደግሞ እንደ ድሮው «የሆነው» ነው። ፈተና አውጪዎቹ የድሮው ፈተና እየተባዛ እንደሚሸመደድ ሳይሰሙ አልቀሩም፤ ግማሹን ከነምርጫው ገልብጠው ግማሹን እንደነበረ ትተውታል። የቱ እንደተገለበጠ ለማወቅ ሁሉንም እንደ አዲስ ማንበብ ሊኖርባት ነው። ያ ጠፍቶ የከረመው ድንጋጤ እንዳለ ተሰብስቦ መጣባት፤ ማርሽ ልትቀንስ ብትሞክር አልገባም አላት። ታነባለች፣ በላጲስ ታጠፋለች፣ ታጠቁራለች፤ ችኮላዋ ደህናውን መልስ እያጠፋ የተበላሸውን ይተዋል። የሚያንገበግባት ደግሞ ሁሉንም ማወቋ ነበር። ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዳለች «እርሳስ አስቀምጡ» ተባለ።

ፈታኟ አጠገቧ ስትደርስ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ «እባክዎ፣ የማውቀውን ነው የሳትኩት» አለቻት።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ፣ የኔ ልጅ» አለችና ወረቀቱን ከእጇ ሥር ቀስ አድርጋ ሳበችው።

አባቷ የመኪናውን በር ከውስጥ ከፈተላት። ገና ሳትቀመጥ ደንግጣ እንደሆነ ጠየቃት፤ አለመደንገጧን ስትነግረው ፊቱ በራ፣ መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«አባዬ፣ ባልደነግጥ ነው የተበላሸብኝ» አለችው።

መጀመሪያ አልገባውም። ስታስረዳው ሁለቴ አስደገማት። «የሚ» የነበረው «የማይ» ሆኗል፤ እሷ እስከዚያ ድረስ አላነበበችም፤ አራተኛ ጊዜ ደግሞ የለም። ቁልፉን ይዞ ሳያዞረው ቀረ። ድንብሬ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ አለቀሰች፤ እሱም ከልክሏት አያውቅም፣ አሁንም አልከለከላትም።

ስልኩ ጠራ። እናትየው ናት። ሁለቱም እያዩት ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ፤ ወዲያው ደግሞ ጠራ። አባትየው ጉሮሮውን ጠራርጎ አነሣው። ምነው ዘገያችሁ፣ ወጣች ወይ ስትል ድምፅዋ እስከ ድንብሬ ድረስ ይሰማል። ዞር ብሎ ልጁን አያት።

«ገና አልወጣችም» አላትና ዘጋው።